ተቀጥሬ ሳለሁ ያወጣሁት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለግል ሥራዬ ገቢም ያገለግላል?

ጠያቂ፦ ፎቶ አንሺ፣ ከባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ክሊኒክ በቋሚነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በጣና ዳር ላሉ ሎጆችና ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ ለሚያመላልሱ ጀልባዎች ፎቶግራፍ አነሣለሁ። አሁን አንድ ሎጅ በውል ሊያሠራኝ ፈልጓል፤ ነገር ግን ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) እንዳቀርብ ጠይቆኛል። ክሊኒኩ ሲቀጥረኝ ያወጣሁት ቲን አለኝ። አንዳንዶች ለንግድ ሥራው ሌላ ቲን ማውጣት እንዳለብኝ ይነግሩኛል፤ ሌሎች ደግሞ ፎቶ ቤት ባለው ጓደኛዬ ቲንና ደረሰኝ እንድጠቀም ይመክሩኛል። ትክክለኛው የትኛው ነው? የደመወዜንና የግል ሥራዬን ገቢስ ደምሬ ነው የማስታውቀው?

መላሽ፦ የሒሳብ ባለሙያ

እህቴ፣ ሁለተኛ ቲን አያስፈልግሽም፤ ማውጣትም አይፈቀድም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንድ ግብር ከፋይ በማናቸውም ጊዜ አንድ መለያ ቁጥር ብቻ እንዲኖረው፣ ያው ቁጥርም ለሁሉም የታክስ ሕጎች እንዲያገለግል ደንግጓል። ስትመዘገቢ የጣት አሻራ የሰጠሽውም አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ነው። ቁጥሩ የአንቺ እንጂ የክሊኒኩ ስላልሆነ ሥራ ብትለቂም ካንቺ ጋር ይቀጥላል። ስለዚህ በዚያው ቁጥር የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አውጪ፤ ከዚያም ፈቃዱን ይዘሽ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በመሄድ የንግድ ሥራ ገቢ ግብር በፋይልሽ ላይ እንዲጨመር አመልክቺ። በክልል ውስጥ የሚነግዱ ግለሰቦችን ግብር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ለክልሎች ስለሰጠ፣ ጉዳይሽ የሚታየው በአማራ ክልል ገቢዎች መዋቅር ነው።

ሌላ ቁጥር የሚያስፈልገው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ብታቋቁሚ ነው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ እንዲህ ያለውን ማኅበር አንድ ሰው ብቻውንም እንዲያቋቁም ስለፈቀደ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ማኅበሩ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ስለሆነ የራሱ ቲን፣ የራሱ የሒሳብ መዝገብና የራሱ የግብር ማስታወቂያ ይኖረዋል። ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ይህን ሁሉ መሸከም አስፈላጊ አይመስለኝም።

ገቢዎቹን አትደምሪም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ ደግሞ በሠንጠረዥ «ሐ» ለየብቻ ይሰላሉ። የደመወዝሽን ግብር ክሊኒኩ በየወሩ ቀንሶ ያስገባል፤ የፎቶውን ዓመታዊ ገቢ የምታስታውቂው አንቺ ነሽ። መለያየታቸው ሌላም ውጤት አለው፦ ካሜራ ገዝተሽ በዓመቱ ብትከስሪ ኪሳራው የደመወዝሽን ግብር አይቀንስልሽም።

የጓደኛሽን ቲን ግን ፈጽሞ እንዳትነኪ አደራ እላለሁ። ሕጉ መለያ ቁጥር ለሌላ ሰው አገልግሎት እንዳይውል ይከለክላል። ከዚህም በላይ ሎጁ የከፈለሽ ገንዘብ ሁሉ በጓደኛሽ ስም ሽያጭ ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ ባላገኘው ገቢ ግብር ይጠየቃል፤ ዓመታዊ ሽያጩ አድጎ ከፍ ወዳለ የግብር ከፋይ ደረጃም ሊያስገባው ይችላል። አንቺም ነገ ለባንክ ብድር ገቢሽን አስረጂ ብትባዪ የምታሳዪው ወረቀት አይኖርሽም። በመልካምነት ቲናቸውን ያበደሩ ሰዎች ሲቸገሩ ማየት ያሳዝነኛል።

መላሽ፦ የሎጅ ሒሳብ ሠራተኛ

እኔ ደግሞ ከከፋዩ በኩል ያለውን ልጨምር። እንደኛ ያለ ድርጅት ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ አገልግሎት ሲከፍል ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያው ላይ አስቀድሞ የሚያዝ ግብር፣ የመቀነስ ግዴታ አለበት። ቲን ላላቸው የሚቀነሰው ጥቂት በመቶ ሲሆን፣ አዋጅ 979/2008 ቲን ከማያቀርብ አቅራቢ ላይ ግን 30 በመቶ እንዲቀነስ አዝዟል። ሎጁ ቲን የጠየቀሽ ሊያጉላላሽ አስቦ አይደለም።

የተቀነሰብሽ ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ከምትከፍይው ግብር ላይ ስለሚታሰብልሽ፣ የተቀናሽ ደረሰኙን ከቼኩ ጋር እዚያው ተቀበዪ፤ ከመስኮቱ ሳትርቂም አንብቢው። የቲንሽን አሥር አሃዞች አንድ በአንድ ከምስክር ወረቀትሽ ጋር አስተያዪ፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት ዜሮዎች ሲዘለሉ ወይም ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የአያት ስምሽም በንግድ ፈቃዱና በቲን ምስክር ወረቀቱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጪ። በሐምሌ ሰልፍ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለውን ስሕተት ማስተካከል በጣም አድካሚ ነው።

ጠያቂ፦ ፎቶ አንሺ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያው ቲን ፈቃድ አወጣለሁ። የማስታወቂያው ጊዜ መቼ ነው? ሥራው ባይሳካስ?

መላሽ፦ የሒሳብ ባለሙያ

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃሉ፤ ከዚያ በታች ላሉት ጊዜው ያጥራል። የ2017ቱ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 የደረጃ አመዳደቡን ስለለወጠ፣ ስትመዘገቢ የተመደብሽበትን ደረጃና የማስታወቂያ ቀንሽን በጽሑፍ ተቀበዪ።

ሥራውን ብታቆሚ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠሽ አትተዪው። ፋይሉ ክፍት እስካለ ድረስ ምንም ገቢ ባይኖርሽም እንደ ነጋዴ ትቆጠሪያለሽ፤ ሳታስታውቂ በቀረሽበት ዓመት ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ግብሩን በግምት ሊወስንብሽ ይችላል። ስለዚህ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያሳይ ማረጋገጫ፣ ወስደሽ ፈቃዱን መልሺ፤ ቲንሽ ግን ለደመወዝሽ እንዳለ ይቀጥላል።