ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ተመራቂ ዲግሪው ይያዝበት?

አወያይ፦ የሳምንቱ ክርክር ይኸው። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ዕዳውን እስኪጨርስ በጊዜያዊ የምስክር ወረቀት፣ በቴምፖ ይቆያል። ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ «መጀመሪያ ክፈል» ይባላል። ተማሪዎች ይህ እንዲቀር መጠየቅ አለባቸው? ስድብ የለም።

የሒሳብ ሰው፦ እኔ ይያዝ ባይ ነኝ። አሠራሩ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። የቀረው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠው ገበሬም ይከፍላል። ደግሞ ብር እየረከሰ ሲሄድ ዕዳው ይቀላል። በ2000 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ዕዳ ዛሬ ስንት ኪሎ ሥጋ ይገዛል?

ቴምፖ ያዥ፦ በድሮ ዕዳ የዛሬውን አትመዝን። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ገባ። መጨመሩ ይገባል፣ በ22 ብር ሰው ሦስቴ ማብላት ቀልድ ነበር። ግን አስላው። በ10 ወር 6,600 የነበረው 30,000 ሆነ። ምግቡ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ከታሰበ በአራት ዓመት 120,000 ብር! ለካፌ ሽሮ! መኝታና ትምህርቱ ገና አልተቆጠረም።

የሒሳብ ሰው፦ ደመወዝም እኮ ጨምሯል።

ቴምፖ ያዥ፦ ላለው ነዋ።

ቲቸር፦ ልጆች፣ ደንቡን ያነበበ አለ? ተመራቂው ሥራ ሲይዝ አሠሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ያስገባል ይላል። ሐሳቡ «ስታገኝ ክፈል» ነበር። ወረቀቱ ሲያዝ ግን «ከፍለህ ፈልግ» ሆነ። ሥራ ያለው በወር በወር ሳይሰማው ይጨርሳል። በአንድ ጊዜ ቆጥሮ አስረክብ የሚባለው ሥራ ያጣው ነው። ስኮላርሺፕ ደርሷት ትራንስክሪፕት ያስፈለጋት ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ በሬ ሊሸጡ ሲሉ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ነው የከፈለላት። ዘመድ የሌለውስ?

የሒሳብ ሰው፦ ቲቸር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ወጥቶ የሚቀረውን ማን ይቁረጥበት? አሠሪው ያለው ዱባይ ወይም ቶሮንቶ ነው። ወረቀቱን ከሰጠነው በኋላ በምን እንይዘዋለን?

ወሎዬዋ፦ ይሄ ጥያቄ ልክ ነው፣ አልክድም። ግን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። አዲስ አበባ ተመድቦ እናቱ ቤት የሚበላና የሚያድር ልጅ፣ የካፌውንና የዶርሙን አገልግሎት ካልወሰደ ዕዳው ትንሽ ነው። ደብረ ታቦር ተወልዶ ጅማ የተመደበው ግን ሁሉም ይጻፍበታል። ምደባውን የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ነው፤ ልጁ ጅማ ድረስ ምሳ ይላክለት? ስለዚህ የገጠሩ ልጅ የበለጠ ባለዕዳ ሆኖ ይመረቃል። እኩልነት የምንል ከሆነ ከዚህ እንጀምር።

ጋሼ ፒያሳ፦ በ1966 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ በመጣ ጊዜ መምህራን ሥራ ያቆሙት፣ ተማሪውም የተነሳው ለምን ይመስላችኋል? የደሃ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት እንዳይደርስ በር ይዘጋል ብለው ነው። አሁን በሩ ክፍት ነው፣ መውጫው ላይ ነው ፈታሹ የቆመው።

ቴምፖ ያዥ፦ ጋሼ 😂 ኑሩልን።

የሒሳብ ሰው፦ እሺ፣ ሥራ አጡን እንለፈው እንበል። ሥራ አጥ መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ቀበሌ ከሆነ ነገ አገሩ በሙሉ ሥራ አጥ ነው።

ቲቸር፦ ቀበሌ ለምን? የደመወዝ ግብር የሚከፍል ሰው ገቢዎች ዘንድ የግብር ከፋይ መለያ፣ ቲን ቁጥር አለው። ስሙ ከሌለ ወረቀቱ ይሰጠው፣ ደመወዝ የጀመረ ዕለት ቆረጣው ይጀምር። ለሚወጣው ደግሞ ዋስ ይጥራ፤ ለብድር የምንጠራው ዓይነት።

ወሎዬዋ፦ ዋስ ላይ አልስማማም። ዋስ የሚያገኘው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ለሚወጣውም በየወሩ ከውጭ በባንክ የሚልክበት ውል ይበቃል።

የሒሳብ ሰው፦ ውሉን ባያከብርስ?

ወሎዬዋ፦ ያኔ ያላከበረው ይጠየቅ። አሁን የሚቀጣው ገና ያልሄደው ነው።

አወያይ፦ ለተማሪዎች ኅብረት የሚሄደውን ደብዳቤ ቲቸር ያርቅቁልን። የቲን ቁጥሩ ነጥብ ይግባ። ዋስ ወይስ ውል በሚለው ላይ ድምፅ እንሰጣለን፤ የሒሳብ ሰው ተቃውሞውም ከነምክንያቱ ይጻፍ።