ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ያየነው የመብራት ሰልፍና የዩፎ (ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር) ምርመራ ታሪክ፦ ለአርብ እርዱኝ

መምህርቷ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ከክበቡ ልጆች ጋር ሐይቁ ዳር ነበርን። ከወደ ምዕራብ መብራቶች እንደ ጉንዳን ተሰልፈው መጡ፤ ድምፅ የላቸውም። 20 ድረስ ቆጥረን ሳንጨርስ ከፊት ያሉት አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ፤ ሁሉም እዚያችው ቦታ ሲደርሱ። አንዱ ተማሪ ለአባቱ ቢነግረው «አሜሪካኖች መርምረው ያውቁታል፣ ደብቀውት ነው» አለው። አርብ ለክበቡ ማስረዳት አለብኝ። ምን አየን? መንግሥታትስ በእርግጥ መርምረዋል?

የታቦር ልጅ፦
ቲቸር፣ ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው የሚመስለኝ። ሳተላይቶቹ በአንድ ሮኬት ብዙ ሆነው ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ሰሞን ተጠጋግተው ይሄዳሉ፣ በኋላ ከፍ እያሉ ይራራቃሉ። እዚያችው ቦታ ሲደርሱ ጠፉ ያሉት ነገር ነው ይበልጥ ያሳመነኝ። የሚታየን የራሳቸው መብራት አይደለም፤ እኛ ጋ ፀሐይ ጠልቃለች፣ እነሱ ጋ ገና አልጠለቀችም። የምድር ጥላ ውስጥ ሲገቡ ድርግም ይላሉ።

የሳተላይት ማለፊያ ሰዓት የሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ያመሳክሩ። ግን በእኛ አቆጣጠር እንዳይፈልጉ፤ እነሱ ጋ 19:30 ነው። እኔ ይህን ረስቼ አንድ ሌሊት ሙሉ በብርድ ተቀጥቅጫለሁ።

የቀድሞ ቴክኒሻን፦
ልጄ፣ ታሪኩን ከእኔ ውሰጂ። ኬኔት አርኖልድ የሚባል አብራሪ ሰኔ 17 ቀን 1939 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1947፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነሱ ነው) አሜሪካ፣ ሬኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ሲከንፉ አየሁ አለ። አካሄዳቸው ውኃ ላይ እንደተወረወረ ሳህን ይነጥራል ነበር ያለው። ጋዜጦቹ «በራሪ ሳህን» ብለው ጻፉና ስሙ በዚያው ቀረ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ሐይቁ ላይ አስነጥሪላቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

አየር ኃይሉ በ1948 «ሳይን» በሚል ስም ምርመራ ጀመረ፤ በ1949 «ግራጅ» ተባለ፤ ከ1952 እስከ 1969 ደግሞ «ብሉ ቡክ»። ያስጨነቃቸው የማርስ ሰው ሳይሆን ሶቪየት ኅብረት ነበረች። በ1953 ሲአይኤ የሰበሰባቸው ሳይንቲስቶች እንኳ ከሳህኖቹ ይልቅ የፈሩት የጥቆማው ብዛት የመከላከያውን የመገናኛ መስመር እንዳያጨናንቅ ነው።

የሚያስቀው የሃይኔክ ነገር ነው። የአየር ኃይሉ አማካሪ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። በ1966 ሚሺጋን ውስጥ ብዙ ሰው መብራት አየሁ ሲል፣ ከረግረግ የወጣ ጋዝ ሊሆን ይችላል ብሎ አረፈው። ሕዝቡ ተናደደ፣ ተሳለቀበትም፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄራልድ ፎርድ ምክር ቤቱ ጉዳዩን ይስማ አለ። ከዚያ ጥናቱ ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። በፊዚክስ ሊቁ ኮንደን የተመራው ቡድን ምርመራው ቢቀጥልም ለሳይንስ ብዙም አይፈይድም አለ፣ ብሉ ቡክም ተዘጋ። ከ12,618 ጥቆማ 701ዱ ምንነታቸው ሳይታወቅ ቀረ። ሃይኔክ ግን በኋላ ተገልብጦ የአየር ኃይሉ ተቺ ሆነ!

አልቀበልም፦
701 ትንሽ ነው እንዴ? አባትየው ልክ ነው።

የቀድሞ ቴክኒሻን፦
አልታወቀም ማለት እኮ መረጃው አልበቃም ማለትም ሊሆን ይችላል። መደበቁን ግን ደብቀዋል፣ አልክድህም። በ1947 አሜሪካ ውስጥ ሮዝዌል የምትባል ከተማ አጠገብ የወደቀውን መጀመሪያ «ዲስክ» አሉት፣ ወዲያው የአየር ጠባይ ፊኛ ነው አሉ። በ1994 አየር ኃይሉ ሞጉል የሚባል ሚስጥራዊ ሥራ ፊኛ እንደነበር አመነ፤ የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ድምፅ ለማድመጥ የተላከ። ዩ-2 የስለላ አውሮፕላንም አለ። ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ መሬቱ ሲጨልም ክንፉ ላይ ፀሐይ ያበራ ነበር፤ የታቦር ልጅ እንዳለው ማለት ነው። ብሉ ቡክ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ነገሩን ቢያውቁም ለጠቋሚው መንገር አይችሉም። የደበቁት የገዛ ራሳቸውን ዕቃ ነው።

ሚሚ ከፒያሳ፦
ስለ አሁኑም ጨምሪበት። በ2021 የአሜሪካ የደህንነት መሥሪያ ቤት 144 ጥቆማ አይቶ በእርግጠኝነት የለየው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም አየሩ የወጣ ፊኛ። በ2022 እዚያው አሜሪካ ይህንኑ የሚመረምር አዲስ ቢሮ ተከፈተ፤ ቢሮው በ2024 የድሮውን መዝገብ አገላብጦ ከሌላ ዓለም ለመምጣቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ፈረንሳይ ከ1977 ጀምሮ በጠፈር ድርጅቷ በኩል ታጣራለች። እንግሊዝ ቢሮዋን በ2009 ዘግታለች።

የታቦር ልጅ፦
ቲቸር፣ ልጆቹ ቀጣይ ሲያዩ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና ከፍታውን ይጻፉ። ክንድ ዘርግቶ አንድ ጭብጥ ወደ 10 ዲግሪ ይሆናል። ቪዲዮ ሲቀርጹ ዛፍ ወይም ጣሪያ ይግባበት፤ ጥቁር ሰማይ ላይ ያለች ነጥብ ብቻዋን ምንም አትነግርም።

መምህርቷ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ድረ ገጹ ላይ 19:32 ላይ ሲያልፍ አገኘሁት፣ አቅጣጫውም ገጠመ። ጋሼ፣ የሮዝዌሉን እንዳለ እወስደዋለሁ። አባትየውንም አርብ ጠርቼዋለሁ፤ እሺ ብሏል።