የባብል ሲፓፕ አረፋ ሲቆራረጥ፦ ከደሴ የቀረበ ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጠያቂ (ነርስ፣ ደሴ)
ጤና ይስጥልን። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምንሠራ ነርሶች ነን። ያለጊዜያቸው ተወልደው 1,300 ወይም 1,500 ግራም የሚመዝኑ ሕፃናትን ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል በቋሚ ግፊት አየር እየሰጠ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ) ላይ ስናደርግ፣ ማስወጫ ቱቦው በሚነከርበት የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አረፋው ይመጣል፣ ይጠፋል። ሲጠፋ ተረኛው ፍሎውን (በደቂቃ የሚሄደውን የአየር መጠን) ከ5 ሊትር ወደ 9 ያደርሰዋል፤ ጠዋት የሕፃኑ ሆድ ተነፍቶ ይገኛል። ኦክስጅኑ ከኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር ከሚያጣራ ማሽን) ነው የሚመጣው፣ ኦክስጅንና አየር የሚቀላቅል ብሌንደር የለንም። የሠለጠኑት ልጆችም በሮቴሽን ወደ ሌላ ክፍል ይሄዱብናል። ከየት እንጀምር?

የጨቅላ ክፍል ነርስ (ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ ፍሎ መጨመር አየሩ የሚያመልጥበትን ቦታ ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም። መጀመሪያ ፕሮንጉን (አፍንጫ ውስጥ የሚገባውን ባለ ሁለት ጫፍ ቱቦ) ከአፍንጫው አውጡና ፍሎው 5 ሊትር ላይ እያለ ሁለቱንም ጫፍ ጓንት ባደረገ ጣት ድፈኑ። አረፋ ከወጣ መስመሩ ደህና ነው፤ አየሩ የሚያመልጠው በሕፃኑ በኩል ነው። ካልወጣ ከኮንሰንትሬተሩ ተነስታችሁ እስከ ጠርሙሱ ድረስ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ጫን እያደረጋችሁ እዩ። ቶሎ የሚያታልለው የሂዩሚዲፋየሩ (አየሩን የሚያረጥበው ዕቃ) ክዳን ነው፤ ጥርሱ ተዛንፎ ሲገባ የተዘጋ ይመስላል። ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ቀባ ስታደርጉት ያስታውቃል። ቱቦው ረገብ ባለበት ቦታ የተጠራቀመ ውሃም አረፋውን ያቆራርጠዋል፣ አፍስሱት።

በሕፃኑ በኩል ከሆነ የፕሮንጉን ቁጥር እዩ። ሃድሰን በሚባለው ዓይነት ከ700 እስከ 1,250 ግራም 1 ቁጥር፣ ከዚያ እስከ 2,000 ግራም 2 ቁጥር ነው። ቀዳዳውን መሙላት አለበት፣ ግን ዙሪያው ያለው ቆዳ መንጣት የለበትም። በፕሮንጉና በአፍንጫው መሃል ግድግዳ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር፤ ከተጣበቀ በቀናት ውስጥ ቆዳው ይቆስላል። አፉን ከፍቶ ከተኛ አገጩ ሥር የተጠቀለለ ጋዝ አድርጉ።

ለሆዱ 8 ቁጥር ቱቦ በአፍ አስገብታችሁ ጫፉን ክፍት ተዉት፣ ከሕፃኑም ከፍ ይበል። ወተት ከሰጣችሁ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝጉትና መልሳችሁ ክፈቱት።

የጠርሙሱ ነገር፦ 5 ሴንቲ ሜትር የሚለካው ከውሃው ፊት ወደ ታች ነው፤ ከጠርሙሱ ግርጌ አይደለም። ውሃው ሲተን ግፊቱ ይወርዳል፣ ከቱቦው ጤዛ ሲንጠባጠብበት ደግሞ ይወጣል። የውሃውን ልክ በጠርሙሱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበትና በየተረኛው ርክክብ ይታይ። ጠርሙሱ የአየር መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ማስወጫ ቱቦ ሲጠፋ የግሉኮስ መስመር የሚያስገቡ አሉ፤ ይህ በጣም አደገኛ ነው፣ ጠባብ ስለሆነ የሕፃኑ ሳንባ የሚያገኘው ግፊት ከውሃው ጥልቀት በላይ ይሆናል።

ባዮሜዲካል ባለሙያ (ደሴ)
ስለ ኮንሰንትሬተሩ ልጨምር። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ እዚያ ደህና የሠራ ማሽን እዚህ ሲመጣ የኦክስጅኑ ንጥረት ሊወርድ ይችላል። መመሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ገደብ እዩና በኦክስጅን አናላይዘር አስለኩት፤ ከ82 በመቶ በታች ከሆነ ለጥገና አውጡት። የውጭ ማጣሪያውን በየሳምንቱ በሳሙና አጥባችሁ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት። ማሽኑ ከግድግዳና ከመጋረጃ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መብራት ሲጠፋ የሚቀየር ሲሊንደር ሬጉሌተሩ ተገጥሞለት አጠገቡ ይቁም።

ያለ ብሌንደር፣ የራሱ ፍሎሜትር (የፍሎ መለኪያና መቆጣጠሪያ) ያለው የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ በዋይ መጋጠሚያ መቀላቀል ይቻላል። ማሽኑ 93 በመቶ የሚሰጥ ከሆነ 1 ሊትር ኦክስጅንና 4 ሊትር አየር 35 በመቶ ያህል ይሰጣል፤ 2 ለ3 ሲሆን 50 በመቶ ገደማ። የአንዱን ማሽን ኦክስጅን በቲ መጋጠሚያ ለሁለት ሕፃን አትክፈሉ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ፍሎሜትር ከሌለ አየሩ ወደሚቀለው መንገድ ነው የሚሄደው።

የሕፃናት ሐኪም
ፐልስ ኦክሲሜተሩን (የደም ኦክስጅን መለኪያውን) ቀኝ እጅ ላይ አድርጉ። ኦክስጅን እየወሰደ ላለ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳቹሬሽኑ ከ90 እስከ 95 በመቶ ይሁን። 99 ሲያዩ ደስ የሚላቸው አሉ፤ ትርፉ ኦክስጅን ግን የዓይኑን ሬቲና ይጎዳል፣ ቀንሱ። ደህና የነበረ ሕፃን ድንገት ከተበላሸ መስመሩን አይታችሁ ወዲያው ሐኪም ጥሩ፤ አየር ከሳንባ ወጥቶ ደረት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ደሴ ብርድ ናትና ሙቀቱንም በየ3 ሰዓቱ ለኩ፣ ከ36.5 እስከ 37.5 ይሁን። የበረደው ሕፃን ኦክስጅን ይፈጃል፣ ትንፋሹም ይከፋል። ሲፓፕ ላይ መሆኑ ከእናቱ ደረት አይከለክለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር የካንጋሮ እንክብካቤ (ሕፃኑን ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ) ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ ይላል፤ በራሱ መተንፈስ ያቃተው፣ የመተንፈሻ ማሽን የሚያስፈልገው ወይም በደም ዝውውር ድንጋጤ (ሾክ) ውስጥ ያለው ብቻ ይቆያል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልን። በጣት መድፈኑን ዛሬውኑ እንጀምራለን። የሥልጠናውስ ነገር?

አዋላጅና አሠልጣኝ
በታንዛኒያ ሃይዶም ሆስፒታል ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ የሚባለው፣ ሲወለድ ያልተነፈሰን ሕፃን ስለ መርዳት የሚሰጥ የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻውን የማዋለጃ ክፍሉን አሠራር አልቀየረውም። ለውጥ የታየው አጭር ልምምድ በየጊዜው ሲደጋገም ነው። ስለዚህ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) እና የመለማመጃ አሻንጉሊት ከመጋዘን አውጡና ክፍሉ ጥግ ላይ አኑሩ። በርክክብ ሰዓት ሁለት ሰው፣ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል። ማድረቅ፣ ማነቃቃት፣ ራስ ማስተካከል፣ በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ውስጥ አየር መስጠት፣ በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል። ደረቱ ካልተነሳ ማስኩን መልሶ መግጠም፣ ራሱን ማስተካከል፣ አፉን ማጽዳትና ከፈት ማድረግ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ መጭመቅ። ባጉ ከታጠበ በኋላ ቫልቩ ተገልብጦ ሊገጠም ስለሚችል መውጫውን በመዳፍ ደፍናችሁ በመጭመቅ ፈትኑት።

ለሲፓፑም እንዲሁ ነው። ሕፃን ያልተገናኘበት መስመር አዘጋጁ፣ አንዱን መጋጠሚያ ሆን ብላችሁ አላሉ፣ አዲሱ ነርስ በ2 ደቂቃ ውስጥ ያግኘው። ከዚያ ክዳኑን፣ ከዚያ የውሃውን መጠን። ሮቴሽኑን በተመለከተ ሜትሮኗን (የነርሶች ኃላፊዋን) አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሠለጠኑት ሁሉ በአንድ ወር አይነሱ፣ የሚወጣውም ተተኪው ይህን ፈተና ሳያልፍ አይልቀቅ።