በየወሩ የሚተርፈን ገንዘብ የት ነው የሚገባው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እኔም ባለቤቴም ተቀጥረን እንሠራለን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ገንዘብ የምንረጭ ሰዎች አይደለንም። የቤቱን ወጪ በደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። በደብተሩ መሠረት ከወር ገቢያችን 10 በመቶ ያህሉ መትረፍ አለበት። ወሩ ሲያልቅም እውነትም ይተርፋል። መንፈቅ ቆይቼ አካውንታችንን ሳየው ግን ባዶ ነው። ይሄ ገንዘብ የት ነው የሚገባው? እንዴትስ አድርገን እናቆየው? በጣም አስጨንቆኛል።

የሒሳብ ሠራተኛ፦
አይዞሽ እህቴ። ደብተር መያዝሽ ብቻውን ብዙ ሥራ አቅልሎልሻል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጻፍሽው በየወሩ የሚመላለሰውን ወጪ ብቻ ነው? ወይስ በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቅ የሚለውም አለበት? የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የልጆች ልብስና ጫማ፣ የቤት ጥገና፣ የጥርስ ሕክምና፣ መድን፣ ስጦታ የመሳሰለውን ማለቴ ነው።

ጠያቂ፦
የወሩን ብቻ ነው። ሌላው ሲመጣ ከተረፈው አውጥተን እንከፍላለን።

የሒሳብ ሠራተኛ፦
እንግዲያው ገንዘቡ አልጠፋም። ከመጀመሪያውም ትርፍ አልነበረም። ቀኑ ያልደረሰ ወጪ ገንዘብ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ያለፈውን አንድ ዓመት የባንክ ስቴትመንት አውጪ። በየወሩ የማይደጋገመውን ወጪ ሁሉ ለይተሽ ደምሪ። ድምሩን ለ12 አካፍይ። የሚወጣው ቁጥር ልክ እንደ ቤት ኪራይ የወር ወጪ ሆኖ ደብተርሽ ላይ ይግባ። ለምሳሌ የዓመቱ ድምር የአንድ ወር ገቢያችሁን ቢያክል፣ ለ12 ሲካፈል ከወር ገቢያችሁ 8.3 በመቶ ይሆናል። ይሄ ከ10 በመቶው ላይ ሲነሳ እውነተኛው ትርፍ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን በጀት መሠራት ያለበት በዚህ ቁጥር ነው።

ለዚህ ገንዘብ ለብቻው አካውንት ክፈቱለት። ከደመወዝ ጋር ተቀላቅሎ ከተቀመጠ ሁልጊዜ ትርፍ ይመስላል። ትርፍ የመሰለ ገንዘብ ደግሞ ቶሎ እጅ ይገባበታል።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ የምጨምረው አለ። የአስቤዛውን ሒሳብ እንዴት ነው የምትይዢው? ብዙዎቻችን የሳምንቱን ወጪ በ4 አባዝተን የወር ነው እንላለን። ዓመት ግን 52 ሳምንት ነው። 4 በ12 ሲባዛ 48 ብቻ ነው የሚሆነው። በዓመት የ4 ሳምንት አስቤዛ ሳይታሰብለት ይቀራል ማለት ነው። የሳምንቱን በ52 አባዢና ለ12 አካፍይው። ትራንስፖርትና ለልጆች የሚሰጠው የኪስ ገንዘብም በሳምንት የሚወጣ ከሆነ እንደዚያው ነው።

አባወራ፦
የሁለቱም ምክር ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ቀይሩ እላለሁ። ወሩ እስኪያልቅ ጠብቆ የተረፈውን ማስቀመጥ ከባድ ነው። ደመወዝ በገባ ቀን ይቀመጥ። ባንኩ በየወሩ ራሱ እንዲያዛውር ማዘዝ ይቻላል።

ደመወዝ ሲጨመር ደግሞ ጭማሪው ኑሮው ውስጥ ሳይገባ የተወሰነውን ቀድማችሁ ያዙት። ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርዚ የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይሄንን አሳይተዋል። አንድ አሜሪካ የሚገኝ ድርጅት ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር ቁጠባቸውም አብሮ እንዲጨምር ቀድመው ተስማሙ። በ40 ወር ውስጥ ቁጠባቸው ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ደረሰ። አሁን ካለው ኑሮ ላይ ስላልተቀነሰባቸው አልከበዳቸውም።

ጠያቂ፦
ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። በየወሩ የምንከፍለው ብድር አለን። እሱ እያለ መቆጠብ ትክክል ነው?

ጡረተኛ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የብድሩን ወለድ እዩ። ብድሩ በዓመት 18 በመቶ እያስከፈላችሁ ባንክ ለተቀመጠው 7 በመቶ የሚከፍላችሁ ከሆነ፣ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ በዓመት 11 በመቶ እያስከሰራችሁ ነው። በውሉ ላይ ቀድሞ ለሚከፍል ቅጣት ከሌለ ትርፉን ወደ ብድሩ አዙሩት። ብድሩ ከአንድ በላይ ከሆነ ወለዱ ከፍ ካለው ጀምሩ።

ባዶ እጃችሁን ግን እንዳትቀሩ። ቢያንስ የአንድ ወር የቤት ወጪ ተይዞ ይቆይ። አለበለዚያ አንድ ሰው ሲታመም ተመልሳችሁ ሌላ ብድር ውስጥ ትገባላችሁ። ብድሩ ሲያልቅ ያንን ገንዘብ ቀስ በቀስ ከ3 እስከ 6 ወር ወጪ ወደሚሸፍን መጠን አሳድጉት። ሁለታችሁም ገቢ ስላላችሁ 3 ወሩም ሊበቃ ይችላል።

ገቢያችሁን 50፣ 30፣ 20 አድርጋችሁ ለግዴታ፣ ለፍላጎትና ለቁጠባ ክፈሉት የሚሏችሁ ይኖራሉ። ለመነሻ አይከፋም። ኪራይ ብቻውን የገቢውን ግማሽ ለሚወስድበት ቤት ግን አይሠራም። በዚያ ቁጥር ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ቅጣት ስለመኖሩ ውሉን አይቼ አላውቅም። ዛሬውኑ አየዋለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ እኔም ልጠይቅ። ደመወዝ የለኝም፤ ገቢዬ ከወር ወር ይለያያል። ይሄ ሁሉ ለእኔ እንዴት ይሆናል?

የሒሳብ ሠራተኛ፦
ባለፈው ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ያገኘህበትን ወር መነሻ አድርግና በጀትህን በእሱ ሥራ። ከዚያ በላይ የሚገባው ለብቻው ይቀመጥና ገቢ ሲቀንስ ይሙላልህ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ ባለቤትሽ ይሄንን ሁሉ ያውቃል? የምጠይቅሽ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ ስላልሽ ነው። አንዱ ብቻ የሚያውቀው በጀት አንዱን ተቆጣጣሪ፣ ሌላውን ተጠያቂ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ደመወዝ ሊገባ ሲል ልጆች ከተኙ በኋላ አብራችሁ ተቀመጡ። ስላለፈው ማን ምን አወጣ አትባባሉ። ስለሚመጣው ወር ብቻ አውሩ።

ለእያንዳንዳችሁም ትንሽ የግል ገንዘብ ይኑራችሁ። ምን ገዛህ፣ ምን ገዛሽ የማይባልበት። መጠኑ እኩል ይሁን። ይሄ ብክነት አይደለም። ቁጥጥር የበዛበት ሰው ወጪ መደበቅ ይጀምራል፤ የተደበቀ ወጪ ደግሞ ደብተር ላይ አይገኝም።

ጠያቂ፦
ልክ ነሽ፣ እሱ ድምሩን እንጂ ዝርዝሩን አያውቅም። ዛሬ ማታ አብረን እናየዋለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አዲሶቹን አካውንቶች በማን ስም እንክፈታቸው?

አባወራ፦
በሁለታችሁ የጋራ ስም። ልዩነቱ ፊርማው ላይ ነው። የዓመታዊ ወጪውና የድንገተኛው አካውንት በአንዳችሁ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ አንዳችሁ ብትታመሙ ወይም ሩቅ ብትሆኑ ገንዘቡ አይታሰርም። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ግን በሁለታችሁ ፊርማ ብቻ የሚወጣ ይሁን። ስትከፍቱ ይሄንን ባንኩ ቅጹ ላይ እንዲያስሞላችሁ ጠይቁ።