የግል ፍላሽ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ መሰካት ይከልከል?

የኔትወርክ ባለሙያ፦ አዎን፣ ይከልከል። እ.ኤ.አ. በ2008 በመካከለኛው ምሥራቅ በአንድ የአሜሪካ ጦር ላፕቶፕ ላይ ከተሰካ ፍላሽ የተነሣው ቫይረስ ምሥጢራዊ መረቦች ድረስ በመዝለቁ ፔንታጎን ፍላሽን እስከ ማገድ ደርሶ ነበር። እኛም ዘንድ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ አደጋውን አልክድም። ነገር ግን ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሪፖርቱን ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያደርስልን ይኸው ፍላሽ ነው። ከታገደ ሠራተኛው የደመወዝ ሰነዱን ሳይቀር በግል ቴሌግራሙ መላክ ይጀምራል፤ ይህም ከመሥሪያ ቤቱ ቁጥጥር ጨርሶ የወጣ ነው።

የኔትወርክ ባለሙያ፦ እህቴ፣ የሕንፃው የውስጥ ኔትወርክ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ሼርድ ፎልደር፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ በጋራ የምንጠቀምበት ፎልደር ተከፍቶ ለየክፍሉ ፈቃድ ከተሰጠ ፍላሽም ቴሌግራምም አያስፈልግም።

የግዢ ክፍል ሠራተኛ፦ ሁለታችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በ150 አገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ቢትኮይን የጠየቀውና የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ቀጠሮ እስከ ማሰረዝ ያደረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ለመዛመት ፍላሽ አላስፈለገውም። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከጥቃቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ በሰፊው የተጠቁትም ይህን አፕዴት ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። በብዙ ቢሮዎቻችን ግን ዊንዶውሱ በክራክ፣ ማለትም ላይሰንስ ሳይገዛ የተጫነ ነው፤ ላይሰንስ እንዳይጠይቅ ተብሎም አፕዴቱ ይዘጋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ካበቃ በኋላ ደግሞ ችግሩ ብሷል። ለላይሰንስ በጀት የነፈገ ኃላፊ የፍላሽ እገዳ ደብዳቤ ሲፈርም፣ በእኔ እምነት ጥፋቱን አስቀድሞ በሠራተኛው ላይ እያላከከ ነው።

የኔትወርክ ባለሙያ፦ አፕዴቱ ይቅደም ካሉ እስማማለሁ። ይሁንና አፕዴት የተደረገ ኮምፒውተርም ቢሆን፣ ሠራተኛው ከፍላሽ ላይ ራሱ የሚከፍተውን ቫይረስ ሁሉ አያስቆምም። ስለዚህ እገዳው ይቅር በሚለው አልስማማም።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ እንግዲያውስ ኦዲተሮችና ደንበኞች ይዘውት የሚመጡት ፍላሽ ምን ይደረግ? እነርሱን ወደ ሼርድ ፎልደራችን አናስገባ።

የኔትወርክ ባለሙያ፦ ከኔትወርኩ የተነጠለ፣ ጸረ ቫይረሱ በየጊዜው የሚታደስ አንድ ኮምፒውተር መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ የውጭ ፍላሽ ሁሉ በቅድሚያ እዚያ ይፈተሽ።

የግዢ ክፍል ሠራተኛ፦ ከነላይሰንሱ ከሆነ የግዢ ጥያቄውን ነገ ያቅርቡልኝ።