«ቴል ኦን ሂም» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀርቅሬ ቀረሁ። ስለ አንድ ሐኪም ነው፤ «ዘ ናይት ሺፍትስ ዌር ቢጊኒንግ ቱ ቴል ኦን ሂም» ይላል። መተርጎሚያው መተግበሪያ «የሌሊት ፈረቃዎቹ ስለ እሱ መናገር ጀመሩ» ብሎ አሳቀኝ። እኔ «ቴል» መንገር ነው ብዬ ነበር የማውቀው። እዚህ ጋ ማን ነው ለማን የሚናገረው?

አርታኢዋ፦ «ቴል» ሁሌ መንገር አይደለም። «አይ ካንት ቴል» ማለት እኮ «መለየት አልችልም» ነው፣ መናገር አልችልም አይደለም። «ቴል ኦን» ደግሞ ሁለት ነው። ልጆች «አይል ቴል ኦን ዩ» ሲባባሉ «እናገርብሃለሁ» ነው። ያንተው ግን ጎዳው፣ ጉዳቱም ይታይበት ጀመር ነው። ሁለቱንም የሚይዝልህ አማርኛ አለ፤ «ያሳብቅበት ጀመር»። ፊቱ አሳበቀበት እንል የለ?

ብዕረኛው፦ አልስማማም። ማሳበቅ የተደበቀ ነገር ይፈልጋል። የዋሸ ሰው ፊቱ ያሳብቅበታል። ይሄ ሰውዬ ምን ደበቀ? ሌሊት መሥራቱን አገር ያውቀዋል።

አርታኢዋ፦ ድካሙን ደብቆ ይሆናላ! ሐኪም አይደል?

ዘቅኔ፦ ልጆች፣ ቆይ ከሥሩ እንነሣ። አሳበቀ ጦር ከመስበቅ የመጣ ነው። ወሬን እንደ ጦር ነቅንቆ መወርወር! «ቴል»ም ጥንት መቁጠር ነበር። ባንክ ቤት ብር የሚቆጥረው ሰው «ቴለር» የተባለው ወሬኛ ስለሆነ አይደለም። ጀርመኖች ለመቁጠር «ጼለን»፣ ለመተረክ «ኤርጼለን» ይላሉ። በዕብራይስጥ «ሳፋር» ቆጠረ ነው፣ «ሲፔር» ተረከ። የእኛው እህል «ሰፈረ» የዚሁ ዘመድ ነው። እንግሊዙ «አንቶልድ ዌልዝ» ሲል እኛ ምን እንላለን? «ስፍር ቁጥር የሌለው ሀብት»! ስለዚህ «ቴል» ራሱ ከሴም ቋንቋ የወጣ ነው ባይ ነኝ።

ብዕረኛው፦ መምህር፣ እስከ ስፍር ቁጥሩ ድረስ በጣም ደስ ይል ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ገደል ገቡ። «ቴል» የእነ ጀርመንኛ ወገን ነው። መቁጠርና መተረክ በሁለቱም በኩል ተጎራበቱ እንጂ ቃሎቹ አልተጋቡም። የጦሩስ ማስረጃ የታለ? በድምፅ መመሳሰል ብቻ ከሆነማ ሰባኪና አሳባቂም ዘመዳሞች ናቸው።

አርታኢዋ፦ አንዳንዶቹስ ናቸው።

ዘቅኔ፦ ዳዊት ያልደገመ ሊያርመኝ ተነሣ! መዝሙር 18 «ሰማያት ይነግራ ስብሐተ እግዚአብሔር» ይላል። ዕብራይስጡ «ይነግራ» በሚለው ቦታ ምን እንዳለ ታውቃለህ? «መሳፕሪም»። ያው ስፍር!

ብዕረኛው፦ ደግሜያለሁ መምህር፣ ያውም ሳልወድ በግድ። ግን የግዕዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። ተርጓሚው ያላየውን የዕብራይስጥ ቃል ከ«ይነግራ» ሥር ምን ብለን እንቆፍራለን?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ኧረ የእኔስ ዓረፍተ ነገር?

አርታኢዋ፦ አንተ «ቴል»ን ተዋትና «ኦን»ን ያዝ። «ሂዝ ካር ዳይድ ኦን ሂም» ሲሉ መኪናው ቆመበት ማለታቸው ነው። ይቺ «ኦን» እንደኛ «በት» ጣጣውን ማን ላይ እንደጣለች ትናገራለች። ዘነበበት፣ ዘጋበት፣ ጨከነበት እንደምንለው ማለት ነው። ዘነበለትና ዘነበበት አንድ ዝናብ ነው፣ አንዱ ገበሬ ላይ አንዱ ልብስ ያሰጣ ሰው ላይ። ስለዚህ ግስህ ምንም ይሁን ምን «በት» እንዳታመልጥህ።

ብዕረኛው፦ አሁን ተስማማን። እንግዲህ «ድካሙ ያስታውቅበት ጀመር» በልና ገላግለን።

አርታኢዋ፦ ድካም የሚል ቃል ከየት አመጣህ? የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እኮ ፈረቃው ነው።

ብዕረኛው፦ «ፈረቃው ያስታውቅበት ጀመር» ልበል ታዲያ? የማን አማርኛ ነው እሱ? ያንቺ ፈረቃስ ያሳብቃል እንዴ?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ «የሌሊት ፈረቃው ይጎዳው ጀመር» ብልስ?

አርታኢዋ፦ መጎዳቱን አገኘህ፣ መታየቱን ጣልክ።

ዘቅኔ፦ ለመሆኑ «ፈረቃ» ራሱ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?