ብቅሉ ሻገተብኝ፣ ልግዛ ወይስ እንደገና ልሞክር?
ሰላም እናቶች እህቶች፣ ጠላ የምትችሉ እስኪ ድረሱልኝ። ባህር ዳር ነኝ፣ ለመስከረም 21 የማርያም ማህበር ተራዬ ደርሶ ብቅሉን ዘንድሮ ራሴ አበቅላለሁ ብዬ 5 ኪሎ ገብስ አንድ ቀን ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ በኮባ ጠቅልዬ ድንጋይ ጫንኩበት፣ እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት ማለት ነው። በ3ኛው ቀን ስገልጠው ዳር ዳሩ ቆንጆ ነጭ ሥር አውጥቷል፣ መሀሉ ግን እጄን ስከት ትኩስ ነው፣ እንደ ኬክ ተያይዟል፣ አረንጓዴ ሻጋታ ጣል ጣል ብሎበታል፣ ሽታው የረጠበ ጆንያ። ውሃው በደንብ ሳይጠፍ ነው መሰለኝ የጠቀለልኩት፣ አንዴም አላገላበጥኩትም።

ባሌ ታጥቦ ይደርቃል ይላል (ጠጪ እንጂ ጠማቂ አይደለም)፣ እኔ ሻጋታ ለሰው አላጠጣም፣ ለዶሮም አልሰጠውም፣ ጣልኩት።

እንዳልገዛ ደሞ አምና ከቅዳሜ ገበያ ያመጣሁት ግማሹ ያልበቀለ ገብስ ሆኖ ጠላው ውሃ ውሃ አለብኝ። ጥሩ ብቅል ሲነከስ ቅርጥፍ ብሎ ጣፈጥ እንደሚል አውቃለሁ፣ ግን ሻጯ ፊት ቆሜ ስንቱን ልንከስ? እናንተ ስትገዙ ምኑን ታያላችሁ?

እንደገና ካበቀልኩስ በቀን ስንቴ ላገላብጠው? ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ከሰዓት ከሰዓት ይጥላል፣ ማስጫ ፀሐይ የለም። ምጣድ ላይ በስሱ ባሞቀው ኃይሉን ይገድለዋል አይደል? ዛሬ መስከረም 4 ነው፣ ጌሾው ተወቅጦ ቁጭ ብሏል፣ ጋኑም ታጥኗል፣ ቶሎ በሉኝ በናታችሁ።